የሂሳብ ዲግሪ ለመያዝ ምን ምን ያስፈልጋል? የአንባቢዎች ጥያቄ እና መልስ

የዚህን ጊዜ ገጽ ሙሉውን ለሂሳብ ዲግሪ ሰጥተነዋል። የላካችሁልንን ጥያቄዎች ስናነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየን፣ ብዙዎቻችሁ ሂሳብ ትወዳላችሁ ግን ዲግሪው ውስጥ ምን እንዳለ ቁጭ አድርጎ የነገራችሁ ሰው የለም። የኮርስ ስም እና ኮድ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ስለሚለያይ መልሶቹን ስታነቡ የራሳችሁን ዲፓርትመንት ካታሎግ ጎን ለጎን ክፈቱት። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ትንሽ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ነው ሂሳብ ሜጀር ማድረግ እፈልጋለው፣ ግን ካታሎጉን ስከፍተው ኮር ምናምን፣ ኢሌክቲቭ ምናምን፣ ፕሪሪኩዚት ምናምን እያለ ግራ አጋባኝ። ባጭሩ ለመመረቅ ስንት ኮርስ ነው መውሰድ ያለብኝ? ደሞ የቱን አስቀድሜ? (ጀማሪ ነኝ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። ስንት ለሚለው አንድ ቁጥር የለም፣ እንደ ሲስተሙ ነው። በአሜሪካው ሲስተም የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው ወደ 120 የሴሚስተር ክሬዲት ነው፣ ከዛ ውስጥ ሂሳቡ ሲሶ ገደማ ይሆናል፣ የቀረው አጠቃላይ ትምህርት እና አንተ የምትመርጠው ነው። በአውሮፓው ሲስተም ደግሞ በዓመት 60 ክሬዲት እየተቆጠረ የሶስት ዓመቱ 180 የአራት ዓመቱ 240 ይሆናል፣ እዛ አንድ ክሬዲት ማለት ክፍል ውስጥም ብቻህንም የምትሰራው ተደምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች እያነጻጸርክ አንዱ ይከብዳል አትበል። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፣ በአውሮፓው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የምትማረው ሂሳብ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ በአሜሪካው ግን ሁለት ዓመት ያህል ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚሄደው።

አጥንቱ ግን፣ ኮር የሚሉት ግዴታው ክፍል፣ የትም ያው ነው። መጀመሪያ ካልኩለስ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ኮርስ ነው፣ ሊሚት እና ዴሪቫቲቭ፣ ከዛ ኢንቴግራል እና ሲሪስ፣ ከዛ የብዙ ተለዋዋጮች ካልኩለስ። ከሱ ጎን ሊኒየር አልጀብራ እና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን። ቀጥሎ ወደ ፕሩፍ፣ ማለትም አንድ ነገር ለምን ሁሌም እውነት እንደሆነ በምክንያት ወደ ማሳየት፣ የሚያሻግር ኮርስ ይመጣል፣ ሎጂክ፣ ሴት፣ ሪሌሽን፣ ኢንዳክሽን የሚባሉት እዛ ናቸው። ከዛ በኋላ የዲግሪው ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ካልኩለስን ከመሰረቱ በፕሩፍ የሚያየው ሪል አናሊሲስ (ባጭሩ አናሊሲስ) እና የስሌት ህጎችን ራሳቸውን የሚያጠናው አብስትራክት አልጀብራ። ከነሱ በተጨማሪ ፕሮባብሊቲ በብዙ ቦታ ግዴታ ነው፣ አንድ ፕሮግራሚንግም እንደዛው፣ ከዛ ደግሞ ከነምበር ቲዎሪ፣ ከቶፖሎጂ፣ ከኮምፕሌክስ አናሊሲስ፣ ከኒውመሪካል አናሊሲስ፣ ከኮምቢናቶሪክስ እና ከመሳሰሉት እየመረጥክ ኢሌክቲቩን፣ ማለትም የምርጫ ኮርሱን፣ ትሞላለህ። አንዳንድ ቦታ መጨረሻ ላይ የምርምር ጽሁፍ ወይም ፕሬዘንቴሽን ያለው ሴሚናር አለ።

አሁን ልብ በልልኝ፣ ተማሪ የሚዘገየው በኮርሱ ብዛት ሳይሆን በሰንሰለቱ ነው፣ ፕሪሪኩዚት የሚሉት ከአንድ ኮርስ በፊት ማለቅ ያለበት ሌላ ኮርስ ነው። ብዙ ቦታ ካልኩለስ 2 ሳትጨርስ ፕሩፍ ኮርስ አይሰጡህም፣ ፕሩፍ ኮርስ ሳትጨርስ አናሊሲስ አይሰጡህም፣ አናሊሲስ ሳትጨርስ ደግሞ ግማሹ ኢሌክቲቭ ዝግ ነው። ብዙ ዲፓርትመንት አናሊሲስን እና አብስትራክት አልጀብራን በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚከፍታቸው፣ ስለዚህ ታች አንድ ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ቢያመልጥህ ላይ ላዩ አንድ ሙሉ ዓመት ሊጎትትህ ይችላል። ለዚህ ነው ፕላኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስራው የምለው፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ልትወስደው የምትፈልገውን ኮርስ ጻፍ፣ ከሱ በፊት ምን ይፈልጋል በል፣ ከሱስ በፊት፣ እንደዛ እያልክ እስከ መጀመሪያው ሴሚስተር ውረድ። ያን ወረቀት ይዘህ አድቫይዘር ጋ ሂድ። ባዶ እጁን ከሚመጣ ተማሪ ጋር የሚደረገው ውይይት እና ፕላን ይዞ ከመጣ ጋር የሚደረገው በጭራሽ አንድ አይደለም።

የኔን አስተያየት ከጠየቅከኝ ፕሩፍ ኮርሱን ከሁለተኛ ዓመት አታሳልፈው፣ ከሊኒየር አልጀብራ ጋር አብረህ ብትወስደው ደግሞ ይረዳዳሉ። አናሊሲስ እና አብስትራክት አልጀብራን ግን አማራጭ ካለህ በአንድ ሴሚስተር አትደርባቸው። የውጤት ነገርም አለ፣ ለመመረቅ አጠቃላይ ጂፒኤ 2.0 የሚጠይቁ ብዙ ናቸው፣ ግን ለሜጀሩ ኮርሶች ለየብቻ ቢያንስ ሲ የሚሉም ስላሉ ዲ ያመጣህበት ኮርስ ክሬዲቱ ተቆጥሮልህ ለሜጀሩ ግን ላይሰራ ይችላል፣ ይሄን ካሁኑ ካታሎጉ ላይ እየው።

ጥያቄ፦ ካልኩለስ 1፣ 2፣ 3 ሁሉንም ኤ ነው ያመጣሁት፣ ሰው ሁሉ ጎበዝ ነሽ ይለኝ ነበር። አሁን ፕሩፍ ኮርስ ላይ የመጀመሪያው ፈተና ከግማሽ በታች ሆነብኝ፣ ጥያቄውን ሳነበው ምን እንደምጽፍ ራሱ አላውቅም፣ አስተማሪው ወረቀቴ ላይ “ይሄ ምሳሌ ነው፣ ፕሩፍ አይደለም” ብሎ ጽፎብኛል። ሂሳብ የኔ አይደለም ማለት ነው? ሜጀር ልቀይር? (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ቢያንስ በዚህ ምክንያት አትቀይሪ። ይሄ ደብዳቤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፣ ምክንያቱም ሂሳብን በጣም የሚወዱ ልጆች እዚህ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳያስረዳቸው ጥለው ይሄዳሉ። እስካሁን ጎበዝ ነሽ የተባልሽበት ስራ የታወቀ መንገድ ይዞ መልስ ማውጣት ነበር፣ አሁን የተጠየቅሽው ደግሞ መንገዱ ራሱ ለምን ልክ እንደሆነ ማሳየት ነው። ስራው ተቀይሯል፣ አንቺ አልደነዘዝሽም።

አስተማሪሽ የጻፈው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። አንድ ቁጥር ሀ በይው፣ ከዛ ሀ² + ሀ + 41 አስይው። ሀ ዜሮ ሲሆን 41 ይመጣል፣ 1 ሲሆን 43፣ 2 ሲሆን 47፣ 3 ሲሆን 53። ሁሉም ፕራይም ናቸው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር እኩል የሚያካፍላቸው የለም። ቀጥይ፣ 10 ላይ 151፣ እሱም ፕራይም። 20 ላይ 461፣ እሱም። እስከ 39 ድረስ አንድም አይስትም። አርባ ጊዜ ሞክሮ አርባውንም ጊዜ የሰራለት ሰው “በቃ ሁሌም ፕራይም ነው” ቢል ማን ይፈርድበታል? 40 ላይ ግን 1681 ይመጣል፣ እሱ ደግሞ 41 በ41 ሲባዛ ነው። ተሰበረ። ለዚህ ነው በምሳሌ ብዛት አይሆንም የሚሉሽ። ሁሉንም ቁጥር የሚመለከት ነገር ስትናገሪ ያልሞከርሻቸውም ጭምር የሚገቡበት ምክንያት ማምጣት አለብሽ።

እሺ ምክንያቱ እንዴት ይመጣል? ከትርጓሜው። “ሁለት ኢ-ተጋማሽ ቁጥሮች ሲደመሩ ተጋማሽ ይሆናሉ” የሚለውን አሳዪ ቢሉሽ 3 + 5 = 8 ብለሽ አትጀምሪም፣ ኢ-ተጋማሽ ማለት ምን ማለት ነው ብለሽ ነው የምትጀምሪው። የአንድ ሙሉ ቁጥር እጥፍ ላይ አንድ ሲጨመር ነው። ስለዚህ አንዱ 2ለ + 1 ሌላው 2መ + 1 ነው፣ ለ እና መ የፈለጉትን ሙሉ ቁጥር ይሁኑ። ስትደምሪያቸው 2ለ + 2መ + 2 ይሆናል፣ እሱም 2(ለ + መ + 1) ነው፣ የሙሉ ቁጥር እጥፍ ስለሆነ ተጋማሽ ነው፣ አለቀ። እዚህ ውስጥ ምንም ልዩ ብልሀት የለም፣ ትርጓሜውን በትክክል ጻፍሽ፣ የሚፈለገውን በትክክል ጻፍሽ፣ መሀሉን አገናኘሽ። በዚህ ኮርስ ከሚሰጡሽ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በዚህ አይነት ነው የሚጀመሩት፣ “ምን እንደምጽፍ አላውቅም” ያልሽው ችግርም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈታው እዚህ ጋ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የተሰጠሽን ከላይ የሚፈለገውን ከታች አድርገሽ የሁለቱንም ትርጓሜ ዘርዝረሽ ስትጽፊ መሀሉ ብዙ ጊዜ ራሱ መታየት ይጀምራል።

ትርጓሜውን ቃል በቃል እወቂው፣ በግምት አይሆንም። የቃላት ቅደም ተከተል ሁሉን ነገር ይቀይራል። “ለእያንዳንዱ ቁጥር ከሱ የሚበልጥ ቁጥር አለ” እውነት ነው። “አንድ ቁጥር አለ፣ እሱም ከእያንዳንዱ ቁጥር ይበልጣል” ግን ሀሰት ነው። ቃላቱ ያው ናቸው ማለት ይቻላል፣ “አለ” እና “እያንዳንዱ” ቦታ ተቀያየሩ እንጂ። አናሊሲስ ስትገቢ የሊሚት ትርጓሜ መጀመሪያ “ለእያንዳንዱ” ቀጥሎ “አለ” እያለ የሚሄድ ነው፣ ይሄን ቅደም ተከተል አሁን ከያዝሽው እዛ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ለእያንዳንዱ ትርጓሜ ደግሞ የሚያሟላ አንድ ምሳሌ፣ የማያሟላ አንድ ምሳሌ፣ እና “ይሄ ትርጓሜ አልተሟላም ማለት በትክክል ምን ማለት ነው” የሚለውን ጽፈሽ ያዢ።

ሌላው የክፍሉን ፕሩፍ ማንበብ ማጥናት አይደለም። አንብቢው፣ ዝጊው፣ ባዶ ወረቀት ላይ መልሰሽ ጻፊው፣ የተያዝሽበት ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው። ከጓደኛሽ ጋር አንዳችሁ ስትናገሩ ሌላችሁ “ለምን?” እያላችሁ ስሩ። የአስተማሪሽ የቢሮ ሰዓትም አለ፣ ያንን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና “ይሄ መስመር ለምን አይበቃም?” በይው፣ አስተማሪዎች የሚወዱት ጥያቄ ነው።

ደግሞ ለራስሽ ጊዜ ስጪው። ኒውተን እና ላይብኒትዝ ካልኩለስን ያመጡት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ የሊሚት ነገር ጥርት ብሎ መቀመጥ የጀመረው በፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ በኮሺ እ.ኤ.አ በ1821 ነው፣ ጀርመናዊው ቫየርሽትራስ ደግሞ ከሱ በኋላ አሁን በምንማረው መልክ አጠራው። ያን ያህል ዘመን ትልልቅ ሰዎች የደከሙበትን ነገር አንቺ በጥቂት ሳምንት ስላልያዝሽው አይፈረድብሽም። ኮርሱን የማቋረጫ ቀን መቼ እንደሆነ ብቻ አጣርተሽ ያዢ፣ ሁለተኛውን ፈተና አይተሽ ወስኚ። መድገም ካለብሽም ድገሚው፣ ከደካማ ሲ ጋር አናሊሲስ ከመግባት በደንብ ይዘሽው ዘግይተሽ ብትገቢ ይሻላል ባይ ነኝ። ቀስ ብለሽ ከሰራሽው በኋላም ፕሩፍ መጻፍ ራሱ ምንም ደስ የማይልሽ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ስታትስቲክስን ወይም አፕላይድ የሚባለውን ዘርፍ ማየት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ኢንጂነሪንግ እየተቻለ ሂሳብ ካልሆነ አለኝ። መከልከል አልፈልግም ግን ከተመረቀ በኋላ ከማስተማር ሌላ ምን ይሰራል? (አባት)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ አባታችን፣ ሳይከለክሉት መጠየቅዎ ደስ ይላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ የሂሳብ ዲግሪ እንደ ኢንጂነሪንግ የስራውን ስም ይዞ አይመጣም። ግን በር ይከፍታል፣ ኢንሹራንስ እና ጡረታ ላይ ስጋት የሚያሰሉት አክቹዋሪዎች፣ ባንክ እና ፋይናንስ፣ ስታትስቲክስ እና ዳታ፣ ሶፍትዌር፣ ትራንስፖርት እና ምርት በአነስተኛ ወጪ እንዲሄድ የሚያቅዱ ክፍሎች፣ የመረጃ ደህንነት፣ ሁሉም ሂሳብ የተማረ ሰው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚር እና ኤድልማን የሰሩት አርኤስኤ የሚባል የሚስጥር መቆለፊያ በኢንተርኔት ላይ ስንት ጊዜ ሰርቷል፣ መሰረቱ ግን የሂሳብ ሊቁ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለምንም ጥቅም ሳያስብ ያረጋገጠው የቁጥር ህግ ነው።

ልጅዎን ግን ይሄን ይንገሩት፣ ዲግሪው ላይ አንድ ነገር ይጨምርበት። ፕሮግራሚንግ በደንብ ይወቅ፣ ፕሮባብሊቲ እና ስታትስቲክስን እንዳይተው፣ ቢችል ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ኢኮኖሚክስ ማይነር፣ ማለትም ሁለተኛ ዘርፍ፣ ያድርግ። አክቹዋሪ ልሁን ካለ ከዲግሪው ውጪ ተራ በተራ የሚሰጡ የሙያ ፈተናዎች አሉ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳይመረቅ ሊወስዳቸው ይችላል። ማስተማር ከፈለገም በብዙ ቦታ የመምህርነት ፈቃድ ለብቻው ይጠየቃል። እና ማስተማርን “ከማስተማር ሌላ” ብለው ዝቅ አያድርጉት አባቴ፣ ልጅዎ ሂሳብ የወደደው ጥሩ አስተማሪ ስለገጠመው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዳታ ሳይንስ ነው መስራት የምፈልገው፣ ሪል አናሊሲስ እና አብስትራክት አልጀብራ ለምን ግዴታ እንደሚያደርጉብን አይገባኝም፣ ኮምፒውተሩ ያሰላው የለ? (የተሰላቸ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩ ያሰላል፣ ግን ልክ መሆኑን አይነግርህም። ይሄን ሞክር፣ 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያልክ መደመር። የሚጨመረው እያነሰ እያነሰ ወደ ዜሮ ስለሚሄድ ድምሩ አንድ ቦታ የሚቆም ይመስላል። በ32 ቢት የአስርዮሽ ቁጥር (ፍሎት) ፕሮግራም ጽፈህ ከትልቁ ጀምረህ ብትደምረው ደግሞ 15 ተኩል ሳይደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ምክንያቱም የሚጨመረው ቁጥር በጣም ከማነሱ የተነሳ ማሽኑ ጠቅልሎ ይጥለዋል። መልሱ 15.4 ምናምን ነው ብለህ ሪፖርት ልታደርግ ነው። አሁን በእጅህ እየው፣ 1/3 እና 1/4 ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፣ ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱም ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ፣ ከ1/9 እስከ 1/16 ያሉት ስምንቱም እንደዛው። ስለዚህ ማለቂያ የሌለው ግማሽ እየደመርክ ነው፣ ድምሩ ከፈለግከው ቁጥር በላይ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ተሳስቷል፣ ያወቅከው በአናሊሲስ ነው። ነገ ሞዴልህ “ደረሰ፣ ቆመ” ሲልህ እውነት ደርሶ ነው ወይስ ማሽኑ ደክሞት ነው የሚለውን የምትጠይቀው በዚሁ አይን ነው።

አልጀብራውን በተመለከተ ላንተ ስራ በቀጥታ የሚጠቅመው ያነሰ ነው፣ ሊኒየር አልጀብራ ላይ ብትበረታ ይሻልሃል፣ አይገንቫልዩ እና የማትሪክስ ክፍፍል የዕለት ተዕለት ስራህ ይሆናሉ። ብዙ ዲፓርትመንት አፕላይድ የሚባል ትራክ አለው፣ እዛ አብስትራክት አልጀብራ በኒውመሪካል አናሊሲስ ወይም በኦፕቲማይዜሽን ሊቀየር ይችላል፣ ጠይቅ። ግን ክፍል ከገባህበት አይቀር በንቀት አትግባው። ኖርዌያዊው የሂሳብ ሊቅ አቤል ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ እ.ኤ.አ በ1824 ባለ አምስተኛ ደረጃ እኩልታ በሩት እና በአራቱ ስሌቶች የሚፈታበት አጠቃላይ ቀመር ሊኖር እንደማይችል አሳየ፣ አላገኘሁም ሳይሆን ሊኖር አይችልም አለ፣ ይሄን አይነት ዓረፍተ ነገር የምትማርበት ኮርስ ነው።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመት በፊት ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ስራ ገባሁ፣ አሁን እየሰራሁ ልጨርሰው እፈልጋለሁ። ካልኩለሱን ረስቼዋለሁ፣ የድሮ ክሬዲቴ ይሰራል?

መልስ፦ ሊሰራ ይችላል ወንድሜ፣ የሚወስነው የሚቀበልህ ዩኒቨርሲቲ ነው። ትራንስክሪፕትህን ብቻ ሳይሆን የድሮ ኮርሶቹን ሲላበስ፣ ማለትም የይዘት ዝርዝራቸውን፣ ፈልገህ አውጣ፣ የሚያመሳክሩት ይዘቱን ስለሆነ ሲላበስ ያለው ሰው ብዙ ክሬዲት ያስቆጥራል። አንዳንዱ ለቆየ ክሬዲት የጊዜ ገደብ አለው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ዲግሪውን ለመስጠት የተወሰነው ክፍል፣ በተለይ የላይኛው ዓመት ኮርሶች፣ እነሱ ጋ እንዲወሰድ ይጠይቃሉ፣ ሁለቱንም ከመመዝገብህ በፊት በጽሁፍ አረጋግጥ።

ስለረሳኸው ካልኩለስ፣ የካልኩለስ 2 የድሮ ፋይናል ፈተና አንድ አግኝና ሰዓት ይዘህ ስራው። የተያዝክበትን ስታየው ብዙ ጊዜ ችግሩ ካልኩለሱ ላይ አይደለም፣ ክፍልፋይ፣ ኤክስፖነንት፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪ ላይ ነው። እነሱን መጀመሪያ አድሳቸው። ከዛ መመለሻ ኮርስ ምረጥ ብትለኝ ሊኒየር አልጀብራ እልሃለሁ፣ ካታሎጉ ካልኩለስ ቅድሚያ ቢልም ውስጡ የሚፈልገው ካልኩለስ ትንሽ ነው። ስራ ላይ ሆነህ በአንድ ሴሚስተር አንድ የሂሳብ ኮርስ በቂ ነው፣ ሁለት ከሆነ ቅዳሜና እሁድህን ሁሉ ይበላዋል፣ አናሊሲስ የምትወስድበት ሴሚስተር ላይማ ሌላ ምንም አትጨምር።

ጥያቄ፦ ማስተርስ መቀጠል ለሚፈልግ ግዴታ የሆኑት ኮርሶች ይበቃሉ?

መልስ፦ ለመመረቅ ይበቃሉ፣ ለመወዳደር ብዙ ጊዜ አይበቁም። አናሊሲስ እና አብስትራክት አልጀብራን ሁለት ሁለት ሴሚስተር ውሰድ፣ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ እና ቶፖሎጂ ጨምርበት፣ ጽሁፍህን በላቴክ፣ የሂሳብ ጽሁፍ በሚዘጋጅበት ሶፍትዌር፣ መጻፍ ልመድ። የምርምር ጽሁፍ ግዴታ ባይሆንም ጻፍ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልህ ሰው ፕሩፍ ስትጽፍ ያየህ መሆን አለበት፣ ካልኩለስ ላይ ኤ የሰጠህ አስተማሪ ስላንተ ብዙ የሚለው የለውም። ስለዚህ ሶስተኛ ዓመት ላይ አንድ ፕሮፌሰር ጋ ሂድና በሱ መስክ በግል የምታነበው ነገር እንዲሰጥህ ጠይቀው፣ ብዙ ቦታ ይሄ ራሱ ክሬዲት ያለው ኮርስ ሆኖ ይመዘገባል።